ከጽሞናው በኋላ የሚነበበው ማስታወቂያ

ኳከሮች እሑድ ጠዋት ለአምልኮ ሲሰበሰቡ አንድ ሰዓት ያህል በጽሞና ይቀመጣሉ። በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜም ሆነ በኦክላንድ ጎረቤት በበርክሌይ ባሉት የስብሰባ ቤቶቻቸው አምልኮውን የሚመራ ካህን የለም፤ አስቀድሞ የተዘጋጀ ስብከት አይሰማም፤ መሠዊያም ሥዕልም አይታይም። ሰው የሚያየው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው። አልታፈን ያለ ቃል ልቡ ውስጥ ያደረበት ሰው ተነሥቶ በአጭሩ ይናገርና ይቀመጣል፤ እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ካልመጣ ሰዓቱ በዝምታ ተጀምሮ በዝምታ ያልቃል። ማብቂያው መጨባበጥ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ተነሥቶ ማስታወቂያ ያነባል፦ የታመመ ወንድም ስላለ ምግብ የሚያደርሱለት ይመዝገቡ፤ የሚቀጥለው እሑድ የወሩ የሥራ ስብሰባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ሁሉም ከየቤቱ ያመጣውን አብሮ ይበላል፤ ለሕፃናቱ አስተማሪ ያስፈልጋል፤ ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ሲሄድ ሰው ማሳፈር የሚችል ይናገር።

ይህ ዝርዝር ከጽሞናው ቀጥሎ ሲሰማ ከተራራ ወደ ሜዳ መውረድ ይመስላል። እኔ ግን የጉባኤው ፍልስፍና ከምንም በላይ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ነው እላለሁ። በጽሞና የሚያመልኩት ኳከሮች አባል የሚሆን ሰው እንዲደግመው የሚጠይቁት ጸሎተ ሃይማኖት የላቸውም። ክርስቶስን አዳኜ የሚል ሰው አጠገብ፣ እግዚአብሔርን በምን ስም እንደሚጠራ ገና ያልወሰነ ሰው ይቀመጣል። እንግዲህ በአንድ ቃል የማይናዘዙ ሰዎችን ለዘመናት አብሮ ያቆየው ምንድን ነው? መልሴ የሚቀጥለው ቀጠሮ ነው የሚል ነው። የሃይማኖት መግለጫ የሌለው ማኅበር እምነቱን የሚጽፈው በመርሐ ግብሩ ላይ ነው። ይህን ለማሳየት ከጥንት መነሣት ያስፈልጋል።

ጥያቄው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲከተላቸው ባስገደዱበት ዘመን አንድ የአክሱም ሊቅ ከሳሾቹን ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት እንደኖረ ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ ይተርካል። ሁሉም ወገን የእኔ እምነት ብቻ እውነት ነው ሲል የሰማው ይህ ሰው፣ ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ሰው በሰጠው የልቡና ብርሃን ሁሉንም መመርመር ጀመረ። መጽሐፉ በ1667 እንደተጻፈ በተለምዶ ይነገራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጸሐፊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሚስዮናዊ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክሎድ ሰምነር ደግሞ የዘርአ ያዕቆብ ነው ብሎ ቆመለት። ክርክሩ ዛሬም አለ። ለዚህ ሐተታ የሚያስፈልገው ግን መጽሐፉ የያዘው ሐሳብ ነው፦ የሃይማኖት ጭቅጭቅ የሰለቸው ሰው፣ ከሰው ርቆ፣ ውስጡ ያለውን ብርሃን ዳኛ አደረገ።

በዚያው መቶ ዘመን እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ፣ በ1624 የተወለደው ጆርጅ ፎክስ የተባለ የጫማ ሠሪ ረዳት ከቄስ ወደ ቄስ እየሄደ የነፍሱን ጭንቀት ጠየቀ። መልስ ሲያጣ ጊዜ የሚያስተምረው ድምፅ በውስጡ እንዳለ፣ ይኸው ብርሃን በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ እንደሚገኝ መስበክ ጀመረ። ከ1652 ጀምሮ በሰሜን እንግሊዝ ብዙዎች ተከተሉት። ራሳቸውን ወዳጆች አሉ፤ ሌላው ሰው ኳከሮች አላቸው።

ሁለቱ ሰዎች አልተዋወቁም፤ አንዱ ስለ ሌላው የሚሰማበትም መንገድ አልነበረም። ሁለቱም ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ፊት ቆመዋል። ውስጤ ያለው ብርሃን መራኝ የሚል ሰው፣ ብርሃኑን ከገዛ ምኞቱ የሚለየው በምንድን ነው? ቁጣም፣ ኩራትም፣ ፍርሃትም ከውስጥ ይመጣሉ። እነሱም ሲመጡ እርግጠኛ ሆነው ነው።

ኳከሮች ይህን ጥያቄ በመከራ ተማሩት። በጥቅምት 1656 ከፎክስ የማያንስ ተሰሚነት የነበረው ሰባኪ ጄምስ ኔይለር በዝናብ በፈረስ ተቀምጦ ወደ ብሪስቶል ከተማ ገባ። ተከታዮቹ ክርስቶስ ወደ ኢየሩሳሌም እንደገባ አድርገው እየዘመሩ አጀቡት። የእንግሊዝ ፓርላማ ራሱ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ ኔይለር ተገረፈ፣ ግንባሩ በጋለ ብረት ተተኮሰ፣ ምላሱ ተበሳ። ቅጣቱ አረመኔያዊ ነበር። ለኳከሮች ግን ከቅጣቱ በላይ የከበደው ኔይለር በቅንነት ያደረገው መሆኑ ነው። ብርሃኑን ተከተልሁ ብሎ ነበር። ታዲያ ተሳስተሃል የሚለው ማን ነው? በምን ሥልጣን?

ሁለት የታወቁ መንገዶች ነበሩላቸው። አንደኛው ብርሃኑን መካድና ሁሉን ለመጽሐፍ ወይም ለጳጳስ መመለስ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ለየብርሃኑ ትቶ መበተን ነው። ፎክስ ከእስር ከተፈታበት ከ1666 በኋላ በየአገሩ እየዞረ ያቋቋመው ሦስተኛውን ነው፤ ወርኃዊ የሥራ ስብሰባ። አንድ ሰው መራኝ የሚለውን ወደ ስብሰባው ያመጣል፤ ሌሎቹ በጽሞና ይሰሙታል፤ የእነሱም ብርሃን ይመሰክርለት እንደሆነ አብረው ይጠብቃሉ። ዘርአ ያዕቆብ ብርሃኑን ለደቀ መዝሙሩ ለወልደ ሕይወት አወረሰ፤ ሐሳቡ መጽሐፍ ሆኖ ቀረ። ኳከሮች ብርሃናቸውን ለቀን መቁጠሪያ ሰጡት፤ ሐሳባቸው ልማድ ሆኖ ቆየ። እሑድ የሚነበበው ማስታወቂያ ከኔይለር ቁስል የተወለደ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ልማድ ወደ ሳን ሆዜ የመጣበት ታሪክም ያው ጥያቄ ያለበት ነው። ጆኤል ቢን እና ባለቤቱ ሐና በአዮዋ ግዛት ዌስት ብራንች በምትባል ትንሽ ከተማ የተከበሩ የኳከር አገልጋዮች ነበሩ፤ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር በ1874 የተወለደባት ከተማ ናት። በ1870ዎቹ የመነቃቃት ስብከት የአዮዋን ኳከሮች አጥለቀለቃቸው። ዝምታው በመዝሙርና በንስሐ ጥሪ ተተካ፤ በአንዲት ቅጽበት ፍጹም ቅድስና ይገኛል የሚለው ትምህርት የእውነተኛ አማኝ መለያ ሆነ። ቢን ነፍስ በየዕለቱ፣ በዝግታ፣ ከብርሃኑ ጋር እየኖረች ታድጋለች የሚል ሰው ነበር። በ1881 ሥጋቱን በአንድ የእንግሊዝ ኳከሮች መጽሔት ላይ ጻፈ። በ1882 ባልና ሚስቱ አዮዋን ለቀው ሳን ሆዜ ሰፈሩ።

ክርክሩ ግን ተከተላቸው። የሳን ሆዜው ጉባኤ ከአዮዋ የበላይ አካል እውቅና አጣ። በ1893 ጆኤልና ሐና ቢን ስለ እምነታቸው ተጠይቀው የሰጡት መልስ አላጠገበም ተብሎ የአገልጋይነት ማዕረጋቸው ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ እሱ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቶ ነበር። እነሱ ግን ሰው የሚጣላበትን ትተው ሰው የሚሰበሰብበትን ያዙ። በከተማዋ ኮሌጅ ፓርክ በተባለው ሰፈር በ1889 የኮሌጅ ፓርክ የወዳጆች ማኅበር ተመሥርቶ ነበር። ከሩቅ ያለ የበላይ ፈቃድ አልጠየቀም፤ መተዳደሪያው አጭር ነበር፤ ረጅም የሃይማኖት ዝርዝር አልጻፈም። በየሳምንቱ ግን ይሰበሰብ ነበር። ማዕረግ ሲነሣ፣ እውቅና ሲቀር፣ ስም ከመዝገብ ሲፋቅ የማይነሣ ነገር ምን እንደሆነ እዚያ ታየ። የሚመጣው እሑድ ነው። የሳን ሆዜ ኳከሮች ዛሬም በዚያው ሰፈር ይሰበሰባሉ።

ከሳን ሆዜ ወደ ኦክላንድ የሚወስደን የቢን የልጅ ልጅ ናት። በ1887 ሳን ሆዜ የተወለደችው አና ኮክስ የላቲን ሊቅ ሆነች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኳከሮች ለተራቡ የጀርመን ሕፃናት ምግብ ሲያድሉ ከሃዋርድ ብሪንተን ጋር አብራ ሠራች፤ በ1921 ተጋቡ። እሱ ፊዚክስ የተማረ፣ ያዕቆብ ቦህመ ስለተባለው ጀርመናዊ ምሥጢራዊ አሳቢ በበርክሌይ የፍልስፍና ጥናቱን የጻፈ ሰው ነው። ሁለቱም ኦክላንድ በሚገኘው በሚልስ ኮሌጅ አስተማሩ። እዚያ ሳሉ፣ በ1931፣ በየከተማው ተበታትነው የነበሩትን የምዕራብ ጠረፍ ኳከሮች የሚያገናኝ ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ፤ ከዚያም በ1947 የፓስፊክ ዓመታዊ ጉባኤ ተወለደ። ብሪንተን ኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት የኳከርን ምግባር በአራት ነገር ጠቀለለው፦ በማኅበር መኖር፣ ስምምነት፣ እኩልነትና ቀላል አኗኗር። ፈላስፋው የነፍስን ምሥጢር ለዓመታት ካጠና በኋላ የደረሰበት ቦታ ሰው አብሮ የሚኖርበት ሥርዓት ነበር።

ሥርዓቱ ራሱ እንዴት እንደሚሄድ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የወሩ የሥራ ስብሰባ በጽሞና ይጀምራል። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ጸሐፊ ይባላል፤ ሥራው የራሱን ሐሳብ ማስወሰን ሳይሆን ስብሰባው የት እንደደረሰ ማዳመጥ ነው። አጀንዳው ብዙ ጊዜ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ጣሪያው ይጠገን፣ ቤቱን ለጎረቤት ድርጅት እናውሰው፣ ኪራይ ያቃተውን ቤተሰብ እንዴት እንርዳ። አንዱ ይናገራል። ቀጣዩ ከመናገሩ በፊት ጥቂት ዝም ይባላል፤ የተነገረው እንዲገባ ነው። ድምፅ አይሰጥም፤ እጅ አይወጣም። ብዙኃኑ ተስማምተው አንዲት ሴት ልቤ አይቀበለውም ብትል ስብሰባው ቆሞ ይሰማታል። እሷ አስባ፣ እኔ አልስማማም፣ ግን መንገድ አልዘጋም ልትል ትችላለች። ወይም ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ስምምነት ሲገኝ ቃለ ጉባኤው እዚያው ይጻፋል፤ እዚያው ይነበባል፤ ሁሉም ሰምቶ ይህ የእኛ ቃል ነው ሲል ይጸድቃል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለው የእውቀት ንድፈ ሐሳብ ጥልቅ ነው። ድምፅ መስጠት ሰው ወደ ስብሰባ ሲመጣ ሐሳቡን ይዞ መጥቷል፣ የቀረው መቁጠር ነው ይላል። የኳከር ስብሰባ ግን የምንፈልገው ሐሳብ ገና ከማናችንም ጋር የለም ብሎ ይነሣል። እውነቱ በእኔና በአንተ መካከል ሊገለጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከመቁጠር በፊት መጠበቅ ይመጣል። ሳን ሆዜ የሲሊከን ቫሊ ትልቋ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ኢንዱስትሪ የሀብት ምንጩ ፍጥነት ነው። በዚያች ከተማ መሀል አንድን የጣሪያ ጥገና ወር ያስጠበቀ ስብሰባ ጊዜን አላባከነም፤ ጊዜን ለተቃወመችው ሴት ሰጥቷል።

እዚህ ላይ ግን ሊታለፍ የማይገባ ተቃውሞ አለ። ትዕግሥት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ የሚታገሠው ሰው አይደለም። በ1688 በፔንስልቬኒያ ጀርመንታውን አራት ሰዎች ባርነት ኃጢአት ነው የሚል ጽሑፍ ፈርመው ለወርኃዊ ስብሰባቸው አቀረቡ። ስብሰባው ጉዳዩ ይከብደናል ብሎ ወደ ላይ አሳለፈው፤ የላይኛውም እንዲሁ፤ በመጨረሻም ተቀመጠ። የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ ያለውን ሰው ከአባልነት ለማስወጣት የወሰነው በ1776 ነው። በመካከሉ 88 ዓመታት አሉ። እነዚያን ዓመታት በጽሞና የጠበቁት ኳከሮች ናቸው፤ በእርሻው ላይ ያለቁት ግን ሌሎች ናቸው። ጌቶቹ አንድ ልብ እስኪሆኑ የተጠበቀበት ስብሰባ ላይ ባሮቹ አልተቀመጡም ነበር።

ከዚህም የሚብስ አለ። ቤንጃሚን ሌይ በ1682 እንግሊዝ ውስጥ የተወለደ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው ጎባጣ፣ መርከበኛ የነበረ ኳከር ነው። በ1738 በዓመታዊው ጉባኤ መሀል ተነሥቶ፣ ቀይ የፍሬ ጭማቂ የደበቀበትን መጽሐፍ በሰይፍ ወግቶ፣ ባሪያ በያዙት ላይ ደም የሚመስለውን ረጨባቸው። በዚያው ዓመት ከማኅበሩ ተባረረ። ከዚያ በኋላ የኖረው በፊላደልፊያ አቅራቢያ፣ መጻሕፍቱን ይዞ፣ ዋሻ ውስጥ ነው። እሱን ያባረረችው የአቢንግተን ስብሰባ ሌይ የእውነት ወዳጅ እንደነበረ በቃለ ጉባኤዋ ያጸደቀችው ከ270 ዓመት በላይ አልፎ ነው።

ስለዚህ እስካሁን ያልሁትን ማረም ግድ ይላል። ኔይለር ሲሳሳት ጉባኤው ትክክል ነበር፤ ሌይ ትክክል ሲሆን ጉባኤው ተሳሳተ። የብቸኛውን ሰው ብርሃን ማኅበር ይመርምረው ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የማኅበሩንም ጨለማ ዋሻ ውስጥ ያለው ሰው ያውቀዋል። አንድ ልብ መሆን የእውነት ማረጋገጫ አይሆንም። ኳከሮች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ልጆች ከቋንቋቸውና ከባህላቸው የሚለዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን ያካሄዱት በሰላማዊ ስምምነት፣ ቃለ ጉባኤ ጽፈው ነው።

ታዲያ ማኅበርን የሚያድነው ምንድን ነው? ሁለት ነገር አያለሁ። የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤው ነው። የጀርመንታውን ጽሑፍ ተቀመጠ እንጂ አልተቀደደም፤ በኋላ የመጣው ትውልድ አባቶቹ ምን እንደተነገራቸው አንብቦ አወቀ። የሌይ መባረር ተጽፎ ስለቆየ ስህተቱ ሲታረም ምን እንደሚታረም ይታወቅ ነበር። ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ያላስተናገደውን ድምፅም የሚያስቀምጥ ማኅበር ለገዛ ፍርዱ ማስረጃ እያከማቸ ነው። ሁለተኛው የሚቀጥለው ስብሰባ ነው። ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ የሚለው ቃል ፍትሕን አዘገየ፤ ያው ቃል ግን በሩ እንዳይቆለፍ አደረገ። ጆን ውልማን የተባለው የኒው ጀርሲ ልብስ ሰፊ በዚያ በር ገባ። ከቤት ወደ ቤት እየሄደ ባሪያ ካላቸው ወንድሞቹ ጋር ተቀምጦ ተነጋገረ፤ ቤታቸው ሲያድር ላገለገሉት ባሮች የድካማቸውን ዋጋ ከፈለ። በ1758 ጉባኤው ባሪያ ወዳላቸው አባላት ሽማግሌዎች እንዲላኩ ሲወስን የእሱ ድምፅ ከብዶ ተሰምቷል። ሌይም ያን ዜና ሰምቶ በ1759 ዐረፈ። ሌይ ያለ ውልማን ቁጣ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ውልማን ያለ ሌይ ዘመን የማይበቃው ትዕግሥት ይሆን ነበር።

በሰሜን ካሊፎርኒያ የውልማን ስም የያዘ ቦታ ነበር። ከሳን ሆዜው ማኅበር ስማቸውን የወረሱት የኮሌጅ ፓርክ ኳከሮች በ1963 ኔቫዳ ሲቲ አጠገብ በጫካ ውስጥ የጆን ውልማን ትምህርት ቤትን ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ ኋላ ተዘጋ፤ ቦታው ለወጣቶች ካምፕና ለልዩ ልዩ ሥልጠና ዋለ፤ በ2020 የተነሣው የሰደድ እሳት ብዙ ቤቶቹን በላ። መሬቱ ቀድሞ የኒሰናን ሕዝብ መንደር ነበረ። በ2024 የኒሰናን ሰዎች ድርጅት ከብዙ ሰው ገንዘብ አሰባስቦ ገዛው፤ መሬቱም ወደ ጥንት ባለቤቶቹ ተመለሰ። ይህ በደልን ሁሉ አይክስም። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ታሪክ በየስብሰባው አጀንዳ ላይ ገና እየቀረበ ነው። ነገር ግን ጽሞና ወደ መሬት ካርታና ወደ ገንዘብ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ጉዳዩ እዚያ የደረሰውም በአንድ ጀግና ንግግር ሳይሆን በብዙ ኮሚቴና በብዙ ቀጠሮ ነው።

ይህን ሁሉ ለእኛ የምጽፈው በዚያው የባሕር ወሽመጥ ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ነው። ኦክላንድ የመድኃኔ ዓለም ካቴድራል አላት፤ በቴሌግራፍ ጎዳና የእንጀራ ቤቶቻችን አሉ፤ በሳን ሆዜም አጥቢያዎችና የማኅበረሰብ ድርጅት አቁመናል። አምልኳችን ከኳከሮቹ ጋር ፊትና ጀርባ ነው። የእኛ እሑድ በዕጣን፣ በከበሮ፣ በጸናጽልና በዜማ የተሞላ ነው፤ ዝምታችንን ለገዳማውያን አርምሞ ትተነዋል። ከቅዳሴው በኋላ ባለው ነገር ግን እንገናኛለን። ሰንበቴ አለን፤ ተረኛው ጠላና ዳቦ ያመጣል። ማኅበር አለን፤ በየወሩ በጻድቁ ቀን ከቤት ቤት ይዞራል፤ ሙሴው ተራ ይጠብቃል፤ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ሲሰጥ የሚቀጥለው ወር አብሮ ይሰጣል። ዕድር አለን፤ በባዕድ አገር የሞተውን ሰው ሬሳ ወደ አገሩ የሚሸኘው እሱ ነው። የማኅበር ፍልስፍና ከእነሱ አንማርም፤ አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ታሪካችንም ጨርሶ አልተራራቀም፤ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በኳከሮች የተቋቋመ የአምቡላንስ ክፍል ወጣቶች መጥተው በአገራችን በሕክምና ሥራ አገልግለዋል። ጦርነትን በመቃወም ከኳከሮች ጋር አብረው የሚጠሩት የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያኖች ወገን የሆነችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ፣ ደርግ በ1982 ሲዘጋት፣ አባሎቿ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው እየተሰበሰቡ ቆይተው ከበፊቱ እጅግ በዝተው ወጡ። ሕንፃው ተወሰደ፤ ቀጠሮው ግን አልተወሰደም።

የሚጎድለን ሌላ ነው። አብረን መብላት እንችላለን፤ አብረን መቅበር እንችላለን፤ አብረን ሆነን በሐሳብ መለያየትን ግን አናውቅበትም። ስብሰባችን ሲጋጋል የተሸነፈው ወገን ወጥቶ ሌላ ማኅበር፣ ሌላ ቦርድ፣ ሌላ አጥቢያ ይከፍታል። ቤተ ክርስቲያናችን በአገር ቤትና በስደት በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ ኖራ እርቁ የወረደው በ2018 ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን በአሜሪካ ያሉ ምእመናን በአንድ ከተማ እየኖሩ በአንድ መቅደስ አይቆርቡም ነበር። ኳከሮችም ከመከፋፈል አላመለጡም፤ በ1827 ለሁለት ተሰንጥቀዋል፤ የሳን ሆዜው ጉባኤ ራሱ የክፍፍል ልጅ ነው። ዛሬም ከአሜሪካ ይልቅ ብዙ ኳከሮች ያሏት ኬንያ ናት፤ የኬንያዎቹ በመዝሙርና በፓስተር ስብከት ያመልካሉ፤ በሳን ሆዜ ጽሞናና በእነሱ መዝሙር መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም። ይሁንና ሁለቱም ወርኃዊ የሥራ ስብሰባ አላቸው።

ዝም አይነቅዝም እንላለን። በአገራችን ይህ ምክር የወጣው ከፍርሃት ነው፤ የተናገረ የተያዘበት ዘመን ብዙ ነበርና። እንዲህ ያለው ዝምታ ሰውን ከሰው ይጠብቃል። የኳከሮቹ ዝምታ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰውን ለሰው ይከፍታል። የሚናገረውን ሰው እስኪጨርስ ብቻ ሳይሆን ከጨረሰም በኋላ መስማት ነው። ለስብሰባዎቻችን ከዚህ የምመኘው በጣም ተግባራዊ ነገር ነው። በዕድራችንም፣ በአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤም፣ በማኅበረሰባችን ድርጅትም፣ አንዱ ተናግሮ ሌላው ከመነሣቱ በፊት ጥቂት ዝም እንበል። ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጽፈን እዚያው እናንብብ፤ ማታ ጸሐፊው ብቻውን እንዳይጽፈው። ያልተስማማውን ሰው ተቃውሞ በስሙ፣ በክብር እንመዝግብ። ከመበተናችን በፊት ደግሞ እሱ ባለበት የሚቀጥለውን ቀን እንቁረጥ።

የመጨረሻው ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ለተቃወመ ሰው የሚቀጥለውን ቀን መንገር ስለ እሱ ትልቅ ነገር ማመን ነው፤ ብርሃን አለህ፣ እኔም ላላየው እችላለሁ፣ ሳትኖር የምደርስበት እውነት ሙሉ አይሆንም ማለት ነው። ይህን በጸሎተ ሃይማኖት መልክ ጽፎ ማስደገም ቀላል ነው። በየወሩ፣ ካስቀየመን ሰው ጋር፣ በተቆረጠው ሰዓት ተገኝቶ መቀመጥ ግን እምነቱን መኖር ነው።